የልጅ ልጄን «ኢሲጂ» ፍለጋ መርካቶ

ከደብረ ብርሃን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሥተን ሸኖንና ሰንዳፋን ያለፍነው የልጅ ልጄ ስለ ኦሲሎስኮፕ ሲያስረዳኝ ነው። 15 ዓመቱ ነው። ከአንድ ወር በፊት የተበላሸ ቴሌቪዥን ከሶኬት ነቅሎ ከፈተና ኮረንቲ ነዘረው። ተነቅሏልና ሞቷል ብሎ ነበር፤ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ግን ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዞ ይቆያል። ጣቱ ላይ ጠባሳ ቀረ። እናቱ ሽቦውንም፣ ስታኞውንም፣ አርዱዊኖ የሚላትን ሰማያዊ ሰሌዳም በሣጥን ሰብስባ ቆለፈችበት።

ፍርዷን አልነቅፍም። በድንገተኛ ክፍል ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ኮረንቲ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ነገር ግን የተቆለፈበት ልጅ ጎረቤት ቤት ሄዶ እንደሚከፍትም አውቃለሁ። ስለዚህ አስታረቅኋቸው፤ በባትሪ የሚሠራ ነገር ላይ ብቻ እንዲሠራ፣ እኔም መለኪያውን እንድገዛለት።

«ቴስተር አለህ አይደል? ይኸኛው ለምን አስፈለገ?» አልኩት መኪና ውስጥ።

«አያቴ፣ ቴስተሩ ይዋሻል» አለኝ። ሞተሩን የሚያሽከረክረው የአርዱዊኖው እግር ላይ ሲለካ 2.5 ቮልት ያነባል። እውነቱ ግን 5 ቮልትና ዜሮ በሰከንድ 490 ጊዜ ያህል ይቀያየራሉ፤ ቴስተሩ አማካዩን ነው የሚናገር። ይህን ሲለኝ ገባኝ። የልብ ምት በጣት ቆጥሬ 80 ብዬ እጽፋለሁ፤ ምቱ እየዘለለ ይሁን፣ ቅርጹ ተበላሽቶ ይሁን የሚያሳየኝ ግን ኢሲጂው ነው። የኢሲጂ ወረቀት በሰከንድ 25 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ አንዷ ትንሽ ካሬ 0.04 ሰከንድ ናት፤ ወደ ላይ ደግሞ 10 ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊቮልት ነው። የኦሲሎስኮፕም ስክሪን ያው ነው፤ ወደ ጎን ጊዜ፣ ወደ ላይ ቮልት። ልዩነቱ ካሬዋ ስንት እንደምትይዝ በቁልፍ መቀየሩ ብቻ ነው።

ከላምበረት መገናኛ፣ ከመገናኛ ፒያሳ፣ ከፒያሳ መርካቶ ገባን። መጀመሪያ የወሰደኝ ምናለሽ ተራ ነው። ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡት ጆሮ ያደነቁራሉ፤ ልጁ ግን የሰማም አይመስል። ከተፈታቱ ሬዲዮኖች መሐል አንድ ግዙፍ አሮጌ ኦሲሎስኮፕ አገኘን። ፊቱ ላይ 20 ሜጋኸርዝ የሚል ተጽፎበታል፤ ሁለት ቁልፎቹ የሉም። ሲሰኩት ያች አረንጓዴ መስመር ብቅ አለች። የድሮው የልብ መከታተያ መሣሪያ ትዝ ብሎኝ ሆዴ ባባ። ዋጋውም ተመጣጣኝ ነበር። ግን የእንዲህ ያለው የስክሪን ቱቦ በብዙ ሺህ ቮልት ነው የሚሠራው፤ ይህ ልጅ ደግሞ ሳይከፍተው አያድርም። እጁን ይዤ ወጣሁ። እስከ አንዋር መስጊድ ድረስ አኩርፎኝ ነበር።

ከዚያ ከሕንጻዎቹ ወደ አንዱ ገባን፤ ሱቆቹ ሁለት ሰው አያስቆሙም። አንዱ ባለሱቅ በኪስ የሚያዝ ትንሽ ኦሲሎስኮፕ አውጥቶ «ማዘር፣ ይሄ የማያሳየው ነገር የለም» አለኝ። እንደዚህ የሚል ነጋዴ ደስ አይለኝም። «ስንት ኸርዝ ድረስ?» ስለው ካርቶኑን ማንበብ ጀመረ። 200 ኪሎኸርዝ ይላል። የሰው ጆሮ የሚሰማው ድምፅ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ነው፤ የልጄ ማጉያና ሞተር ከዚያ በታች ስለሆኑ ይበቃቸዋል። የአርዱዊኖዋን 16 ሜጋኸርዝ ምት ወይም የኤፍኤም ሬዲዮን ሞገድ ግን አያሳይም። ካርቶኑ ላይ ሌላ ትልቅ ቁጥርም ይኖራል፤ እሱ በሰከንድ ስንት ነጥብ እንደሚወስድ የሚናገር ነው፣ አያሳስታችሁ። በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ነጥብ የሚወስድ መሣሪያ ለ200 ኪሎኸርዝ ሞገድ አምስት ነጥብ ብቻ ይደርሰዋል። በአምስት ነጥብ ቅርጽ አይሣልም።

ልጁ ዲኤስኦ138 የሚባለውን፣ ራሱ በስታኞ የሚበይደውን፣ ፈለገ። ርካሽ ነው፤ ያስተምራልም። ግን አንዱን እግር አሳስቶ ቢበይድ ስሕተቱን በምን ያገኘዋል? ተበይዶ ያለቀ፣ ሽፋን ያለው፣ በባትሪ የሚሠራ ይሁን አልኩ። ዕድሜው ለኮሌጅ ሲደርስ እንደ ሪጎል ዲኤስ1054ዜድ ያለውን፣ አራት መግቢያና 50 ሜጋኸርዝ ያለውን፣ ያስብበት። ዛሬ የዚያ ዋጋ ከእኔ ጡረታ ጋር አይተዋወቅም።

የመጀመሪያው ባለሱቅ ካርቶኑን ለመክፈት እምቢ አለ። ሁለተኛው ከፍቶ የመሣሪያውን የራሱን መሞከሪያ አገናኘልን፤ 1 ኪሎኸርዝ የሆነ ባለ ቀጥ ያለ ማዕዘን ሞገድ ስክሪኑ ላይ ቆመ። ገመዱን ነካ ነካ አድርጌ ሞገዱ እንደማይቆራረጥ አየሁ። የወር ተኩል ጡረታዬን ከፍዬ ወጣን።

ሲመሽ እናቱን አስቀምጠን አሳየናት። እኔም የማውቀውን ጨመርኩ፤ በባትሪ ይሠራል ማለት ሶኬት ላይ ይሞከራል ማለት አይደለም፤ የገመዱ መቆንጠጫ ኮረንቲ የያዘ ሽቦ ከነከሰ መሣሪያው ራሱ የሚነዝር ይሆናል። ሶኬት ላይ የሚሰካው ትልቁ ዓይነት ደግሞ መቆንጠጫው ከመሬት መስመር ጋር የተገናኘ ስለሆነ እዚያው ይፈነዳል፣ ያቃጥላል። ልጁ ይህን በቃሉ እንዲደግምላት አደረገችው፤ ሁለት ጊዜ።

ከዚያ የሣጥኑን ቁልፍ ሰጠችው። ቴሌቪዥኑን ግን በማግሥቱ ለቆራሌው ሸጠችው።