ጓሳ ላይ ማደሪያ መምረጥ

የመንዝ ጓሳ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል 260 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ መሃል ሜዳ ከመድረሱ በፊት የሚገኝ የደጋ ሜዳ ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ውሃው በከፊል ወደ ዓባይ፣ በከፊል ወደ አዋሽ ይወርዳል። ቤትና እርሻ ስለማይታይበት ድንኳን የያዘ እንግዳ ባሰኘው ቦታ ካስማ መምታት የሚችል ይመስለዋል።

ሜዳው ግን ባለቤት አለው። የመንዝ ሰው ጓሳውን ለዘመናት በአጽመ ርስት ይዞ፣ ሣሩን ለዓመታት ከከብትና ከማጭድ ከልሎ፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ሲደርስ በጋራ ሲያጭደው ኖሯል። ይህ ሥርዓት ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢላላም ነዋሪው መልሶ አቋቁሞታል፤ ዛሬ ጥብቅ ስፍራው በማኅበረሰቡ እጅ ነው። ስለዚህ የቦታ መረጣው የሚጀምረው ከጥብቅ ስፍራው ቢሮ ነው፦ ክፍያ ይፈጸማል፣ አስጎብኚ ወይም ጠባቂ ይያዛል፣ የት ማደር እንደሚፈቀድ ይጠየቃል። ሳይጠይቅ ድንኳን የጣለ ሰው መሸት ሲል እረኛው፣ ቀጥሎም ጠባቂው ይመጡበታል፤ እንዲያ ከሆነ የሌሊቱ ጸጥታ ቀርቶበታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ብርድ ነው። ብዙ ሰው ነፋስ ፈርቶ ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል፤ በደጋ ላይ ይህ ምርጫ ዋጋ ያስከፍላል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በኮረብታው ገጽ ላይ የቀዘቀዘው አየር ከሞቃታማው ስለሚከብድ እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ ከሥር ይጠራቀማል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ውርጭ አስቀድሞ የሚይዘው ጨፌውንና የወንዙን ዳር ነው፤ ጠዋት ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ፣ የድንኳኑ ጨርቅ እንደ ቆርቆሮ ደርቆ ይገኛል። የኮረብታው አናት ደግሞ ለነፋስ የተጋለጠ ነው። የሚሻለው ከሸለቆው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከአናቱ ዝቅ ብሎ ያለ ወገብ ነው፤ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ከሆነ የማለዳዋ ፀሐይ ቀድማ ታገኘዋለች፣ ድንኳኑም ቶሎ ይደርቃል።

መሬቱን በእግር መፈተሽ ያስፈልጋል። የጓሳ ሣር ጉጥ ጉጥ ብሎ ስለሚበቅል ከሩቅ ለስላሳ የሚመስለው ሜዳ ለጀርባ አይመችም፤ በጉጦቹ መካከል ደግሞ የአይጥ ጉድጓድ ይበዛል። ጉድጓድ የበዛበትን ቦታ መተው ለእንቅልፍም ለቀይ ቀበሮም ይበጃል፤ ቀበሮው በቀን የሚያድነው እነዚሁን አይጦች ነውና። ጓሳ ላይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሃል ሆኖ አይጥ ሲያድን፣ ጭላዶቹም ዝም ብለው ሲግጡ ማየት ያልተለመደ አይደለም። ፍርፋሪ መጣል ግን የመንደር ውሻ ይጠራል። በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ እየተሸጋገረ በተደጋጋሚ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል፤ ውሻ አስከትሎ መምጣትማ ጨርሶ አይታሰብም።

በሜዳው ዳር ያለው የገደል አፋፍ ዕይታው የሚያማልል ቢሆንም ለማደሪያ አይመረጥም። ከቆላው የሚነሳው ጉም አፋፉን ሲሸፍን በሌሊት ለሽንት የወጣ ሰው እርምጃውን አያውቅም። ጭላዳም የሚያድረው በገደሉ ላይ ነው፤ ማለዳ ወደ ሜዳው ሲወጣ ጩኸቱ የተኛን ይቀሰቅሳል። በእርግጥ በዚያ ድምፅ መንቃትን ረብሻ የሚለው ጥቂት ሰው ነው።

ውሃ ቅርብ መሆን አለበት፣ ድንኳኑ ግን ከምንጩ ይራቅ። ከታች ያለው መንደርም ከብቱም የሚጠጣው ያንኑ ስለሆነ ዕቃ የሚታጠበውም መጸዳጃ የሚቆፈረውም ከውሃው ርቆ ነው። የአስታ ቁጥቋጦ ለማገዶ መቁረጥ ነውር ብቻ ሳይሆን ክልክል ነው፤ በበጋ የደረቀ ጓሳ ደግሞ በአንድ ፍም ሊያያዝ ይችላል። ቡታጋዝ ይዞ መምጣት፣ እሳት የግድ ከሆነ በተፈቀደው ምድጃ ላይ ከነዋሪው በተገዛ ኩበት ማንደድ ይሻላል።

ከጥብቅ ስፍራው ወጥቶ በመንደር አቅራቢያ የሚያድር መንገደኛ ሌላ ሒሳብ አለው። የቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ጥላና ከለላ አለው፤ ነገር ግን ቅጥሩ የተቀደሰ፣ ብዙውን ጊዜም መቃብር ያለበት ስለሆነ ማደሪያ አይሆንም፤ በክብረ በዓል ዋዜማ ደግሞ ማኅሌቱ ሌሊቱን ይዘልቃል። የገበያ መንገድ ዳርም እንዲሁ፦ በገበያ ቀን አህያ የሚነዳው ሰው የሚነሳው ጎህ ሳይቀድ ነው። አንድ አባወራ አስፈቅዶ ከግቢው አጥር ጥግ መትከል ከሁሉ ይሻላል፤ የቤቱ ውሻ በጅብ ላይ ሲጮህ ቢያድርም እንግዳው የቤቱ አደራ ነው።

ወቅቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ይመረጣል። መንዝ የበልግ አገር በመሆኑ ከየካቲት በኋላ ዝናብ ሊጀምር ይችላል፤ ክረምቱን ጨፌው እግር ይውጣል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተስፋፋው ግጭት ምክንያት ደግሞ የመንገዱን ደኅንነት በየጊዜው ከአካባቢው ሰው ሳያረጋግጡ መነሳት አይገባም።

ከጓሳ ይልቅ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ምርጫው ጠባብ ነው። ፓርኩ ሰንከበርን፣ ግጭንና ጨነቅን የመሰሉ የታወቁ ማደሪያዎች ስላሉት ድንኳን የሚተከለው በእነርሱ ነው። ሰንከበር 3,250 ሜትር ገደማ ሲሆን ሁለቱ ወደ 3,600 ይጠጋሉ፤ ስለዚህ ከፍታውን ለመልመድ የመጀመሪያውን ሌሊት ሰንከበር ማደር ይመከራል። ጸጥታ የሚፈልግ ሰው የሚመርጠው እንግዳ የሚያንስበትን ሳምንት፣ ከዚያም ከማብሰያውና ከበቅሎዎቹ ማሰሪያ የራቀውን ጥግ ነው።