ዝናብ የማይጠግባት መቱ... እና የአክስቴ ኪሮሽ

በነሐሴ ወር ኢሉባቦር ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? "ምን ነካሽ? በዚህ ዝናብ!" ያላለኝ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ሄድኩ። መቱ ከአዲስ አበባ በጅማና በበደሌ በኩል 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በደሌን አልፈን ያዩ ጫካ ውስጥ ስንገባ የአውቶቡሱን መስኮት በእጄ እየጠረግኩ ባይ ባይ ከጉም በቀር የሚታይ ጠፋ። ይህ እኮ ቡና ማንም ሳይተክለው የሚበቅልበት፣ በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው ጫካ ነው። ምን ዋጋ አለው፣ እኔ ያየሁት ጉሙን ነው!

አክስቴ መናኸሪያው በር ላይ ዣንጥላ ይዛ ትጠብቀኝ ነበር። አጠገቧ ደርሼ "እትዬ!" እስክላት ድረስ ወዲያ ወዲህ ታያለች። ዝናቡ ነው ብዬ አለፍኩት።

ቤት እንደገባን ሻንጣዬን ከፍቼ ከመርካቶ የገዛሁትን የሕፃን ልብስ በላስቲኩ እንደታሸገ አወጣሁ። የጎረቤቷ ልጅ በሐምሌ መጨረሻ መውለዷን በስልክ ነግራኝ ስለነበር ለአራስ ጥየቃ ባዶ እጄን እንዳልሄድ ብዬ ነው። አክስቴ በእጇ ዳበስ ዳበስ አደረገችውና "ጥሩ ነው" ብላ አስቀመጠችው። መቼም "ጥሩ ነው" ስንት ዓይነት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ይኼኛው ጥሩው አልነበረም።

የመቱ ሰው ጓሮ የሚባለው ነገር አለው። የአክስቴ ጓሮ ከቤቱ ይሰፋል። ቡናው ዳር ዳሩን ይዟል፣ መሀል ላይ ጎደሬ፣ በአጥሩ ሥር ጤና አዳምና በሶብላ፣ ከኋላ ደግሞ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ። የካቲትና መጋቢት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል ቡናው በአንድ ሌሊት ነጭ ይለብሳል፤ ሽታው ቤት ድረስ ይገባል፤ በሦስት በአራት ቀን ደግሞ ይረግፋል። ከዚያ በኋላ ዝናብ ነው፣ ዝናብ ነው፣ አሁንም ዝናብ ነው። የጎደሬው ቅጠል ዣንጥላ አክሎ ሕፃናት ጭንቅላታቸው ላይ ደፍተውት ሲሮጡ ታያላችሁ። ነሐሴ ላይ እሸት በቆሎ ይጠበሳል። ኅዳር ሲሆን ቡናው ቀልቶ ለቀማ ይገባል።

የአክስቴ ኪሮሽም በዚሁ በጓሮው የቀን መቁጠሪያ ነው የሚሄደው። ቡናው ሲያብብ ሠፈር ውስጥ ያረገዘች ማን እንደሆነች ትጠይቅና ኮፍያ ትጀምራለች። "ቡናም እንደ ሰው ዘጠኝ ወሩ ነው" ትላለች። (ሂሳቡ ሁልጊዜ አይገጥምም፤ ሴቶቹ በቡና አይመሩም።) ክር አትገዛም፤ አሮጌ ሹራብ ተርትራ፣ አጥባ፣ ጠቅልላ ትሠራበታለች። ሙያውን የወረሰችው ከአያቴ ነው። አያቴ የጎሬ ሰው ነበረች። ጎሬ ድሮ ቀላል ከተማ አልነበረችም! የአካባቢው ቡና በጋምቤላ አድርጎ በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ሲወርድ ነጋዴው የሚከማችባት፣ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ ጊዜያዊው መንግሥት የተቀመጠባት ከተማ ናት።

እና አንድ ነገር አስተዋልኩ። ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ ብቅ ስትል አክስቴ የያዘችውን ሥራ ጥላ ዱካዋን ይዛ ወደ አቮካዶው ሥር ትሮጣለች። ጎረቤቶቿ "እሷ እኮ ጓሮዋን ስትወድ!" ይላሉ። እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማታ መብራት ጠፋ። ሻማ ለኩሼ ብገባ አክስቴ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ ኪሮሿን ትሠራለች! መብራት ጠፍቶ እንደነበር እንኳ ልብ አላለችም።

ኮፍያውን ተቀብዬ በሻማው አየሁት። መጋቢት ላይ የተጀመረ ነው፤ ግማሹ ገና አላለቀም። አንዱ ጎን ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ስንት ጊዜ እንደተተረተረ ክሩ ራሱ ይናገራል፤ ጸጉር አውጥቷል።

"እትዬ፣ ዓይንሽ..." አልኳት።

"ነጩን ክር በጠራራ ቀን አየዋለሁ። ማታ ግን ጣቴ ነው የሚያየው" አለችኝና ኮፍያዋን መልሳ ወሰደች። በቃ፣ ጓሮውን የወደደችው ለካ ለብርሃኑ ነው!

ሁለት ቀን አብረን ሠራን። እሷ በጣቷ ትቆጥራለች፣ እኔ ቀዳዳውን እፈልጋለሁ። በሦስተኛው ቀን ጭቃውን እየረገጥን አራሷን ልንጠይቅ ሄድን። ገንፎ ቀረበ፣ ቡና ተፈላ። የመርካቶው ልብስ ለሕፃኑ ሰፋው፤ ግድ የለም፣ ያድግበታል ተባለ። የአክስቴ ኮፍያ ግን ጠበበ። ለካ ስትተረትርና ስትጀምር ልኩ ጠፍቷታል። ሴትዮዋ፣ የአራሷ እናት፣ ኮፍያውን የሕፃኑ ጉልበት ላይ አጥልቀው "ይኸው ልክ ሆነ!" ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። በኦሮምኛም መረቋት። አክስቴ አብራ ሳቀች። ወደ ቤት ስንመለስ ግን አልተናገረችም።

"ነገ ውሰጂኝ" ያለችኝ ማታ ነው።

ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው አለ። ሞራ በአገራችን ሰው ከሚያሳውሩት ነገሮች ግንባር ቀደሙ መሆኑን፣ በጠብታም በቅጠልም እንደማይጠራ፣ ግን በአጭር ቀዶ ጥገና የደፈረሰው የዓይን ሌንስ ወጥቶ በሰው ሠራሽ እንደሚተካ አስረዳን። ሰው አስተኝተው አደንዝዘው የሚሠሩት መስሏት ነበር የምትፈራው፤ ዓይኗ ብቻ እንደሚደነዝዝ ስትሰማ ፊቷ ፈካ አለ። "እናት አባታችሁ አርጅተው ነው" እያላችሁ የተዋችሁ ካላችሁ፣ እኔም ስንት ጊዜ እንዲሁ ብያለሁ።

ታዲያ ወዲያው የምትሠራ መሰላችሁ? "ቡናው ሳይለቀም የትም አልሄድም!" ለኅዳር መጨረሻ ተቀጠረች። እኔም መጥቼ እንድወስዳት ቃል አስገባችኝ።

አውቶቡስ ልሳፈር ስል አንድ ፌስታል አስያዘችኝ። የተተረተረ ክር ነው፣ ሦስት አራት ዓይነት።

"ለኔ ኮፍያ ሥሪልኝ። ሆስፒታል ይበርዳል ይላሉ።"

"የቱን ቀለም ልሥራልሽ?"

"አትንገሪኝ። ፋሻው ሲፈታልኝ አየዋለሁ።"

ቢጫውን ነው የጀመርኩት። የመቱ አንባቢያን፣ ይህን ጋዜጣ እንዳታነቡላት አደራ!