ከመጻጉዕ እስከ ደብረ ዘይት አንድ ሳምንት ነው

ዛሬ ደብረ ዘይት ነው፤ ስልካችንም እንደየዓመቱ የምልክት ዝርዝር ሲያወርድብን ዋለ። ረኃብ፣ ቸነፈር፣ ጦርነት፣ የምድር መናወጥ። ከአዋሽ ፈንታሌ የተሰነጠቀ መሬት ሥር፣ ከተፈናቃዮች ድንኳን ሥር፣ ከቦረና የከብት ሬሳ ሥር ያው አንድ ቃል ተጽፏል፦ «ደረሰ»። ተዘጋጁ መባሉ ደግ ነው፤ የዕለቱ ትምህርት ነውና አልቃወምም። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ያን ሁሉ ፎቶ ስንቀባበል ፎቶው ውስጥ ያለችውን ሴትዮ ያየናት አይመስለኝም። ድንኳኑን ምልክት አደረግነው፣ የድንኳኑን ባለቤት ደግሞ ለክርክራችን ማስረጃ። ከሰዓት በኋላ አንድ ልጅ «ምልክት ከምንቆጥር ብርድ ልብስ እንሰብስብ» ብሎ ቢጽፍ የወረደበትን ሁላችሁም አይታችኋል። ደጋግሞ የተሰጠው መልስ «ቤተ ክርስቲያን የእርዳታ ድርጅት አይደለችም» የሚል ነበር። ይህን መልስ እንዲሁ ማለፍ አልቻልኩም። ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

ከንባቡ እንነሣ። ጌታ በተራራው ተቀምጦ ሳለ ደቀ መዛሙርቱ የመምጫውን ምልክት ጠየቁት፤ እርሱም መለሰላቸው። እኛ ብዙ ጊዜ የማቴዎስን 24ኛ ምዕራፍ አንብበን መጽሐፉን እንዘጋለን። ንግግሩ ግን እዚያ አላለቀም። ዛሬ የምናውቀው የምዕራፍ ቁጥር ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የገባ መለያ ነው፤ ተናጋሪው ከተቀመጠበት ሳይነሣ ስለ ዐሥሩ ደናግል፣ ስለ መክሊቱ፣ በመጨረሻም ወደ ቀኝና ወደ ግራ ስለሚለዩት ሕዝቦች ይናገራል። እዚያ ላይ ምልክቱን ማን ቀድሞ ዐወቀ ተብሎ የሚጠየቅ የለም። የተራበው በላ ወይ፣ የታረዘው ለበሰ ወይ፣ እንግዳው ማደሪያ አገኘ ወይ፣ የታመመውና የታሰረው ጠያቂ ነበረው ወይ ነው ጥያቄው። እንግዲህ በአንድ ንግግር ውስጥ ረኃብ ሁለት ጊዜ ተነሥቷል፤ መጀመሪያ ሰምተን እንዳንደነግጥ፣ ቀጥሎ አይተን እንዳናልፍ። የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን ከጣልን ንባቡን ከመካከሉ ቆርጠነዋል ማለት ነው። የጾሙ ሥርዓትም ይህን ያውቃል። ያለፈው እሑድ መጻጉዕ ነበር፤ 38 ዓመት አልጋ ላይ የኖረ፣ ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ያጣ በሽተኛ። የሚመጣው እሑድ ገብር ኄር ነው፤ በተሰጠው የሠራና የተሰጠውን የቀበረ የሚለዩበት። ደብረ ዘይት በሁለቱ መካከል ተቀምጧል። ሰው ያጣውን ሰው ባየን በሳምንቱ ስለ ፍርድ እንሰማለን፤ በሳምንቱ ደግሞ በእጃችሁ ያለውን ምን አደረጋችሁበት እንባላለን።

«የመጨረሻውን ዘመን የሚያስብ ሰው ስለዚህ ዓለም እንጀራ አይጨነቅም» ለሚለው ከካርቴጁ ጳጳስ ከቆጵርያኖስ የተሻለ ምስክር አላውቅም። ቆጵርያኖስ ዓለም እንዳረጀች፣ ፍጻሜዋም እንደተቃረበ በግልጽ የጻፈ ሰው ነው፤ ምልክት በመቁጠር ማናችንም አንበልጠውም። እ.ኤ.አ. በ250 ንጉሠ ነገሥቱ ዳኬዎስ ባወጀው ስደት መንጋው ተበትኖ ነበር፤ በዚያ ወቅት የከተማው ሕዝብ ቆጵርያኖስ ለአንበሳ ይጣል ብሎ እስከ መጮኽ ደርሷል። ሁለት ዓመት ገደማ እንዳለፈ ወረርሽኝ ገባ። ሰው ወገኑን እየጣለ ሸሸ፤ ሬሳ ጎዳና ላይ ቀረ። ታሪኩን የጻፈው ዲያቆኑ ጶንጥዮስ እንደሚተርክልን፣ ቆጵርያኖስ ክርስቲያኖቹን ሰብስቦ ያሳሰባቸው እርዳታቸውን በራሳቸው ወገን ላይ ብቻ እንዳይወስኑ ነው፤ ለወገን ማዘን የሚያስደንቅ አይደለምና። ገንዘብ ያለው በገንዘቡ፣ የሌለው በጉልበቱ ተሰማራ። ልብ በሉ፤ ያጠቡት ቁስል ትናንት «ለአንበሳ» ሲል የነበረውን ሰው ቁስል ነው። ቆጵርያኖስ ራሱ በ258 በዚያችው ከተማ አንገቱ ተቀላ። ፍጻሜው ቀርቧል ብሎ ማመኑ የበሽተኛን አልጋ ከመሸከም አላገደውም፤ እንዲያውም ሞትን ሳይፈራ ወደ በሽተኛው እንዲገባ ያስቻለው ያ እምነት ነው። በእስክንድርያም እንዲሁ ሆነ። ከመንበረ ማርቆስ አባቶች አንዱ የሆነው ዲዮናስዮስ የጻፈውና አውሳብዮስ ያቆየልን ደብዳቤ፣ ቀሳውስት፣ ዲያቆናትና ምእመናን ሕመምተኛ ሲያስታምሙ በሽታው ተጋብቶባቸው እንደ ሞቱ ይናገራል። ዲዮናስዮስ አሟሟታቸውን ከሰማዕትነት አያሳንሰውም።

«ይህ ክርስቲያን ስለ ክርስቲያን የጻፈው ነው፤ የራስ ምስክርነት ምን ያህል ይታመናል?» የሚል ሰው አግባብ ያለው ጥያቄ ጠየቀ። ስለዚህ ጠላታቸውን እንጥራ። በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ቅዱስ መርቆሬዎስ በጦር ሲወጋው የምናየው ዑልያኖስ ከሃዲ ከ361 እስከ 363 በነገሠባት አጭር ዘመን የጣዖቱን አምልኮ መልሶ ለማቆም ተነሣ። በገላትያ ለሚገኘው የካህናት አለቃ ለአርሳክዮስ ጻፈው በሚባለው ደብዳቤ የሚያማርረው ስለ ስብከታቸው ብርታት አይደለም። ክርስቲያኖቹ ለእንግዳ የሚያሳዩት ደግነት፣ ሙታንን ለመቅበር የሚተጉት ትጋት፣ ከራሳቸው ድኾች አልፈው የእኛንም ድኾች መመገባቸው ነው የሚጎዳን ይላል። ስለዚህ በየከተማው የእንግዳ ማረፊያ ይሠራ ብሎ አዘዘ፤ በየዓመቱም 30 ሺህ መስፈሪያ ስንዴ መደበ። እምነቱን ሊያጠፋ የተነሣ ንጉሥ የእምነቱ ሥር የት እንዳለ አጥንቶ ያገኘው ወጥ ቤቱ ውስጥ ነው። ዛሬ «የእርዳታ ድርጅት አይደለችም» የሚለው ወንድሜ ይህን ቢያስብልኝ እወዳለሁ።

ወጥ ቤት ካልን ቅዱስ ባስልዮስን ማለፍ አይቻልም። ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ ነው፤ ካህናቱ በዜማ ያውቁታል። ታዲያ ዜማውን ተቀብለን ድስቱን ለምን ተውነው? በ368 እና በ369 በቀጰዶቅያ ዝናብ ጠፍቶ ረኃብ ሲገባ ባስልዮስ ገና ጳጳስ አልሆነም፤ ቄስ ነበር። ርስቱን ሸጠ፤ እህል አከማችተው ዋጋ የሚጠብቁትን ነጋዴዎች በስብከት ወቅሶ ጎተራቸውን አስከፈተ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ እንደሚለን የተራቡትን በአንድ ቦታ ሰብስቦ በትልልቅ ድስት ወጥ አስቀቅሎ፣ በጨው የቆየ ማባያ ጨምሮ፣ እግራቸውን እያጠበ ያበላቸው ነበር። ወንድሙ የኑሲሱ ጎርጎርዮስም የአይሁድ ልጆች ሳይቀሩ ከዚያ ማዕድ እንደ በሉ ጽፏል። ጳጳስ ከሆነ በኋላ ከቂሣርያ ወጣ ብሎ ያሠራው ሰፈር ለሕሙማን ሐኪም፣ ለመንገደኛ ማረፊያ፣ ለሥጋ ደዌ ለተያዙት መጠጊያ የነበረው ነው፤ ወዳጁ ጎርጎርዮስ አዲስ ከተማ ብሎ የጠራው። ይህን ያደረገው ሰው ጾም አልተወም፣ ጸሎት አላጎደለም፣ ስለ መንፈስ ቅዱስ አምላክነት መጽሐፍ ጽፎ ከመናፍቃን ጋር ተከራክሯል። አንዱ አንዱን አላስተወውም።

እዚህ ላይ ከመስመሬ የሚያስወጣኝ ነገር አለ፤ ባነሣው ይሻለኛል። ፋሲካ ሊደርስ ነው፤ ያ ሰልፍ ደግሞ ሊጀመር ነው። በስተኋላ ባነር ይሰቀላል፤ የማኅበሩ ወይም የባለሀብቱ ስም በትልቁ ይጻፋል፤ እናቶች በተርታ ይቆማሉ፤ አምስት ሊትር ዘይትና አንድ ከረጢት ዱቄት በእጃቸው ይሰጣቸውና «ወደዚህ ይመልከቱ እማማ» ይባላሉ። ከዚያ ፎቶው ከነፊታቸው ይወጣል፤ ልጆቻቸው፣ ጎረቤቶቻቸው፣ የዕድር ጓደኞቻቸው ያዩታል። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ፊት ሳትዋረድ የኖረች ሴት የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ስትስብ በምስሉ ላይ ይታያል፤ ያን የሚያይ ዓይን እንዴት ያልፈዋል? ጌታ ስትመጸውቱ መለከት አታስነፉ ያለው ለዚህ አልነበረምን? መለከቱ እኮ ቢያንስ የሰጪውን ስም ብቻ ነው የሚያሰማው፤ የእኛ የተቀባይቱን ገመናም አብሮ ያሰማል። «ለጋሾች ማስረጃ ይፈልጋሉ» ይባላል፤ እውነት ነው፣ ገንዘብ በሚጠፋበት ዘመን ማስረጃ መጠየቅ ነውር አይደለም። እንግዲያው ደረሰኙን አሳዩን፤ መጋዘኑን፣ ኩንታሉን፣ የወጪውን ዝርዝር አሳዩን፤ በኦዲተር አስመርምሩ። ማስረጃው የሒሳብ ነው፤ የእናቶች ፊት የሒሳብ ሰነድ ሆኖ አያውቅም። ደግሞ በዚህ የተነሣ «ከዚህስ ዝም ብሎ መጸለይ ይሻላል» የሚሉ ሰዎች በዙ፤ ምጽዋቱን ካሜራው አስጠላቸው። ይህ ጉዳት ከውርደቱ አያንስም፤ መልካሙን ሥራ ራሱን ያስጠረጥረዋልና።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። «ቤተ ክርስቲያን የእርዳታ ድርጅት አይደለችም» የሚለው ዐረፍተ ነገር እውነት አለበት፤ ችግሩ የሚወሰድበት መደምደሚያ ነው። የእርዳታ ድርጅት የፕሮጀክት ዘመን አለው፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ጽሕፈት ቤቱን ዘግቶ ይሄዳል። ደብሩ ግን አይሄድም። ረኃቡ ከመምጣቱ በፊት እዚያ ነበረ፤ ካለፈም በኋላ ሙታኑን ቀብሮ፣ ሕፃናቱን አጥምቆ እዚያው ይኖራል። የትኛው ቤት ጢስ እንዳጣ የሚያውቀው የንስሐ አባቱ ነው። ይህ ልዩነት ታዲያ ኃላፊነቱን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም። ክርክሩም ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 በቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊነት ትመራ የነበረችው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ዝነኛውን ደብዳቤ ላከች። የውጭ ለጋሾች ለልማት በቀላሉ ይሰጣሉ፣ ለወንጌል ሥራ ግን እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብላችሁ አትክፈሉብን ነው መልእክቱ። ያን ጊዜ የተዘነጋው ነፍስ ነበር፤ ዛሬ በእኛ ክርክር የተዘነጋው ሥጋ ነው፤ ስሕተቱ ግን ያው መክፈሉ ነው። በዚያው ዓመት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያናችን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽኗን አቋቋመች። «የእኛ ሥራ አይደለም» የሚል ሰው የራሱን ቤተ ክርስቲያን መዋቅር አላየም።

«በስንዴ ነፍስ የሚገዙ አሉ» የሚለውን ደግሞ አላቃልለውም። የተራበን ሰው እምነትህን ቀይርና ትበላለህ ማለት ጭካኔ ነው፤ የሚያደርገው ማንም ይሁን። ግን የዚህ መድኃኒቱ አለማብላት አይደለም፤ ያለ ቅድመ ሁኔታ ማብላት ነው። የአይሁድ ልጆች ከባስልዮስ ድስት ሲበሉ ስለ ሃይማኖታቸው ተጠየቁ የሚል አላነበብኩም። «እኛ ራሳችን ድኾች ነን» ለሚለው ደግሞ ወይዘሮ አበበች ጎበና ይመልሱልን። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ማርያም በዓል ወደ ወሎ ሲሄዱ መንገዳቸው ላይ ያገኙት ረኃብ ነበር። ለስንቅ የያዙትን ዳቦና ጠበል አካፈሉ፤ ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ሆኑ፤ ትዳራቸው በዚህ ምክንያት ፈረሰ፤ ከሞቀ ቤታቸው ወጥተው ከልጆቹ ጋር ተቸገሩ። ሀብት ኖሯቸው የጀመሩት አይደለም። ደግሞ ልብ በሉ፣ ለመሳለም ነው የወጡት፤ መሳለሙ ወደዚያ ወሰዳቸው። በኮሮና ዘመን፣ ሰኔ 2013፣ እስኪያርፉ ድረስ ከዚያ መንገድ አልተመለሱም።

አንድ የቀረ ጥያቄ አለ፤ እርሱም ከሁሉ ከባዱ ነው። እስላሙም ያበላል፣ የማያምነውም ያበላል፤ ታዲያ በዚህ ክርስቲያን የሚያሰኘው ምንድን ነው? እኔ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ባልንጀራዬ ማን ነው ብሎ ለጠየቀው ሕግ ዐዋቂ የተሰጠውን ምሳሌ አነባለሁ፤ ጌታ ለምሳሌ የመረጠው ሃይማኖቱ ትክክል ያልሆነውን ሳምራዊ ነው። ሌሎች ማድረጋቸው ሥራውን ከእኛ ላይ አያነሣም፤ ካህኑና ሌዋዊው ሲያልፉ ሳምራዊው መቆሙ እነርሱን ነው ያሳፈረው። ሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ መሬቱ ተንዶ ቤት ሲቀብር ጎረቤት ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። የቀበሌው አስተዳዳሪ ነበረበት፣ መምህራን ነበሩበት፣ የጤና ባለሙያ ነበረበት፣ ገበሬ ነበረበት። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ከሟቾቹ አብዛኞቹ ሌላውን ለማውጣት የሮጡት ናቸው። ሁለተኛው ናዳ የመጣው እነርሱ እየቆፈሩ ሳሉ ነው።