መስፋት ለማትችሉ እናቶች፦ የልጃችሁን የእንቁጣጣሽ ቀሚስ ራሳችሁ ስፉት

ዛሬ ስለ ራሽን አልጽፍም፣ ስለ ሪሴትልመንትም አልጽፍም። ኢንቦክስ ገብታችሁ «ምነው ዝም አልሽ?» የምትሉኝ ወንድሞች ትንሽ ታገሱኝ። ዛሬ የማወራው ስለ ሴት ልጆቻችን ቀሚስ ነው።

እንቁጣጣሽ እየመጣ ነው። አደይ አበባ እዚህ ቱርካና በረሃ ላይ አይበቅልም፣ ልጆቻችን ግን አበባየሆሽ እያሉ ከቤት ቤት መዞራቸው አይቀርም። የሚለብሱት አብዛኛውን ጊዜ ሚቱምባ ነው፤ ከቦንዳ የወጣ፣ ትከሻው የሰፋ ወይ ብብቱ የጠበበ፣ ሌላ አገር ላለች ሌላ ልጅ የተሰፋ። ሚቱምባን አልንቅም፣ ይህን ስጽፍም የለበስኩት እሱን ነው። ግን እዚህ ተወልደው ስድስት ሰባት ዓመት የሞላቸው፣ አንድም ቀን በልካቸው የተቆረጠ ልብስ ያልለበሱ ልጆች አሉን።

ባለፈው ሰሞን ለአንዲት ጎረቤቴ ልጅ ቀሚስ ልሰፋ ብዬ ሜትር ስዘረጋ፣ ልጅቷ ምንም ሳልላት የግራ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰብስባ ክንዷን ሰጠችኝ። አምስት ዓመቷ ነው። እናቷና እኔ ተያየን። እሷ የምታውቀው ሜትር ክሊኒክ ክንዷ ላይ የሚጠመጠመውን፣ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለውን ነው። መለካት ማለት ለእሷ ከስታ እንደሆነ መታየት ነው። «አይ የኔ እናት፣ ይሄ የቀሚስ ነው፤ ምን ዓይነት ቀለም ልስፋልሽ?» ስላት መልስ አልነበራትም። ቆይታ ቆይታ «ሁሉንም» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ይህን ጽሑፍ ካልጻፍኩ ያልኩት።

ካምፑ ውስጥ የስፌት ሥልጠና ጠፍቶ አያውቅም። ስም አልጠራም፣ ግን አንዳንዱ የሚጀምረው ከወንድ ሱሪና ኮሌታ ካለው ሸሚዝ ነው። ኮሌታ ለጀማሪ ቅጣት ነው! ወራት ተምረው ሰርተፍኬት ግድግዳ ላይ የሰቀሉ፣ ለልጃቸው ግን አንድ ልብስ ሰፍተው ያልጨረሱ እናቶች አውቃለሁ። እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያው ትምህርት የሴት ልጅ ቀሚስ መሆን አለበት እላለሁ። ጨርቁ ትንሽ ነው። ቅርጹ ሁለት ቁራጭ ነው። ስፌቱ ትንሽ ቢጣመም ሽብሽቡ ይሸፍነዋል። ከሁሉም በላይ በአንድ ከሰዓት ያልቃል፤ ልጅቷ ለብሳው ስትሽከረከር ያየች እናት ሁለተኛውን ሳትሰፋ አታድርም።

እንግዲህ አሠራሩ። ኪቴንጌ ሙሉው 6 ያርድ ነው፣ 5 ሜትር ከግማሽ ገደማ፤ ወርዱ ብዙ ጊዜ 115 ሳንቲ አካባቢ ይሆናል። ከመቁረጣችሁ በፊት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ አሚዶው ይለቃል፣ የሚጠብም ከሆነ አሁን ይጠብ። ገበያ ላይ ደግሞ ሁሉም ኪቴንጌ ጥጥ አይደለም። ከጫፉ ክር መዝዛችሁ በክብሪት ለኩሱት። አመድ ሆኖ እንደ ወረቀት ከሸተተ ጥጥ ነው፤ ቀልጦ ጠጣር እንክብል ከሆነ ፖሊስተር ነው፣ በዚህ ሙቀት ልጅ አታልብሱት።

ለአምስትና ስድስት ዓመት ልጅ ወርዱ 45፣ ቁመቱ 70 ሳንቲ የሆነ ሁለት ቁራጭ በቂ ነው፤ አንዱ ፊት፣ አንዱ ጀርባ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆረጡ ከጨርቁ ወርድ 25 ሳንቲ ያህል ይተርፋል፤ እሱ ለብብት ማሰሪያና ለኪስ ይሆናል። ኪስ አትርሱ፣ ሴት ልጅም ከረሜላ ታስቀምጣለች። በዚህ ሒሳብ ከአንድ ኪቴንጌ ሰባት ቀሚስ ይወጣል፤ ካልጠበባችሁ ደግሞ በቀረችው ጨርቅ ለሁለት ዓመት ሕፃን ስምንተኛ። ሰባት እናቶች አዋጥተው አንድ ኪቴንጌ ቢገዙ ለየአንዳንዳቸው ምን ያህል እንደሚደርስ እናንተው አስሉት። ጨርቁ ላይ ወፍ ወይም አበባ ካለ ግን ሁለቱም ቁራጭ ላይ ራሱ ወደ ላይ መሆኑን እዩ።

ለብብቱ ከላይኛው ጥግ 6 ሳንቲ ወደ ውስጥ፣ 14 ሳንቲ ወደ ታች ምልክት አድርጋችሁ ጎበጥ ባለ መስመር አገናኙትና ቁረጡት። መጀመሪያ በሲሚንቶ ወረቀት ብትቆርጡት ለሚቀጥለውም ያገለግላችኋል። የጨርቁን ፊትና ፊት አጋጥማችሁ ሁለቱን ጎን ከብብት እስከ ታች 1 ሳንቲ ገባ ብላችሁ ስፉ። ከትርፉ ጨርቅ 4 ሳንቲ ስፋት ያለው ማሰሪያ በሰያፍ ቁረጡና የብብቱን ዙሪያ ክደኑበት። ሰያፍ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ማሰሪያ ጉብጥብጡን አይከተልም፣ ይሸበሸባል። ከዚያ የላይኛውን ጫፍ ፊትም ጀርባም 1 ሳንቲ፣ ቀጥሎ 3 ሳንቲ አጥፋችሁ ስፉ፤ የፒጃማ ላስቲክ እንደሚገባበት ዓይነት ማስገቢያ ይሆናል። በመርፌ ቁልፍ ሪቫን አስገብታችሁ ሰብስቡትና ትከሻ ላይ እሰሩት። የታችኛውን ጫፍ ደግሞ 1 እና 4 ሳንቲ እጠፉት፤ ለከርሞ ስትረዝም ትለቁላታላችሁ።

በቃ። ዚፕ የለም፣ ቁልፍ የለም፣ እጅጌ የለም።

የእግር መኪና ነክታችሁ የማታውቁ መጀመሪያ ክር አታስገቡ። የልጆቹን ያለቀ ደብተር ቀዳችሁ መስመር መስመሩን ተከትላችሁ ስፉ፤ እግራችሁ መኪናውን ወደ ኋላ ማስኬዱን ሲተው ያኔ ጨርቅ አንሱ። ሲንገርም ይሁን ሌላ፣ የእግር መኪና መብራት አይጠይቅም። መኪና ያላገኘችም በእጇ ትሰፋለች፤ መርፌውን አውጥታ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ እየመለሰች ከወጋች አይተረተርም።

ኪቴንጌ ውድ ከሆነባችሁ ሌሶም ይሆናል። ዙሪያውን ያለው ጌጥ ከታች ሲውል ያምራል። ግን ሌሶ ላይ የስዋሂሊ ጽሑፍ አለ፤ አንዳንዱ ምክር ነው፣ አንዳንዱ የፍቅር ቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ለጎረቤት የተወረወረ አሽሙር። ከመቁረጣችሁ በፊት ስዋሂሊ የሚያነብ ሰው ጠይቁ፤ ልጃችሁ የሰው ጠብ ጀርባዋ ላይ ተሸክማ አበባየሆሽ እንዳትል።

«የሚበላ ሳይኖር ቀሚስ?» የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ስለ ራሽን ስጽፍ ነበር፣ ነገም እጽፋለሁ። የልጆች በዓል ግን ለጋሾች ተሰብስበው እስኪወስኑ አይቆይም። ደግሞ እዚሁ ብሎክ ውስጥ ለልጇ የሰፋችውን አይታ ጎረቤት «ለኔም» ያለቻት፣ ዛሬ በትዕዛዝ የምትሰፋ እህት አለች። ሀብታም አልሆነችም። የሳሙናና የስኳር ግን ሰው አትጠይቅም።

ከአሜሪካ፣ ከካናዳ፣ ከአረብ አገር የምታነቡን ዘመዶቻችን፣ ፍቅራችሁን እናውቃለን፣ ግን የተሰፋ ቀሚስ አትላኩ። የመላኪያው ዋጋ ከቀሚሱ ይበልጣል፣ ደርሶም ልኳ አይሆንም። መላክ ከፈለጋችሁ ለኪቴንጌና ለክር የሚሆን ላኩ፤ ጨርቁ እዚሁ ገበያ ወይም ሎድዋር ይገኛል።

እኛ ሰፈር ከዚህ ቅዳሜ ጀምሮ እስከ ጳጉሜን ድረስ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት እንሰበሰባለን። መኪና ሁለት አለ፣ ሜትርም አለ። መቀስ ያላት ግን ይዛ ትምጣ፤ ያሉን ሁለት ናቸው፣ አንዱ ሪቫን እንኳን አይቆርጥም።