አቡጊዳና ኮምፒውተር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ጣርማ በር ሲደርስ ብዙ ጊዜ ጉም ይቀበለዋል። ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፈውን ዋሻ ተሻግሮ ቁልቁለቱን ሲወርድ ደብረ ሲናን ያገኛታል። ከርእሰ ከተማችን 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በገደሉ ጥግ የተቀመጠችው ይህች ከተማ በመንገደኞች ዘንድ ስሟ የሚነሣው በመንገድ ዳር በሚሸጠው የገብስ ቆሎ ነው። እኛ ግን ዛሬ ጥቂት ቃል ለመናገር ያሰብነው ስለ ልጆቿ ነው፤ ይኸውም ከከተማውና በዙሪያው ካሉት ቀበሌዎች ተሰብስበው ዘጠነኛ ክፍል ስለሚገቡት ተማሪዎችና በመግቢያቸው ላይ ስለሚጠብቃቸው አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውም «ኮምፒውተር ታውቃለህ ወይ?» የሚል ነው።

ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ራሱን የቻለ ትምህርት ስለ ሆነ፥ መምህሩ ከየት እንደሚጀምር ለማወቅ የአዲሶቹን ተማሪዎች ችሎታ አስቀድሞ መመዘን ይገባዋል። ከተማሪዎቹም ከፊሎቹ በከተማ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ከፊሎቹ ደግሞ ከገጠር መጥተው፥ ለሁለትና ለሦስት አንዲት ክፍል ቤት ተከራይተው፥ ስንቃቸውን ከወላጆቻቸው ቤት እያመላለሱ የሚማሩ ናቸው። በዚህ ላይ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት እስከ ሰሜን ሸዋ ዘልቆ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን እንዳዘጋ ይታወቃል። ስለዚህ በአንድ ክፍል ጐን ለጐን የተቀመጡ ልጆች የአንድ ዓመት ተማሪዎች ይባሉ እንጂ የተማሩት ዘመን እኩል አይደለም። ያመለጣቸውም ዓመት የነሱ ጥፋት አይደለም።

ይህን የመሰለ ምዘና ሲሰጥ ቀርበን የተመለከትንበት ጊዜ አለ። የትምህርት ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልገንም። ምዘናው በወረቀት የቀረበ፥ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፥ ዐሥር ጥያቄ ያለው ነበር። የኮምፒውተር ክፍሎች እነማን እንደ ሆኑ፥ መረጃ ማስገቢያው የትኛው፥ ማውጫው የትኛው እንደ ሆነ ይጠይቃል። ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ ከ10 9 አገኘች። ከትምህርት በኋላ በአንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት እየሠራ ራሱን የሚረዳ አንድ ልጅ ደግሞ 3 አገኘ። መምህሩ ነገሩ ስላስገረማቸው ሁለቱን በየተራ ከኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጧቸው። ልጅቱ እጇን ወደ ማውሱ ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችና «ቲቸር፥ አይሰበርም?» አለች። «ያዢው፥ የኔ ልጅ፥ አይሰበርም» ሲሏት ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ በአየር ላይ ያዘችው። ልጁ ግን ከመቀመጡ ለሥራ መጠየቂያ የሚሆን ማመልከቻ በአማርኛ ጽፎ፥ መስመሩን አስተካክሎ አስቀመጠው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ከሁለቱ የተጐዳው ማን ነው? ብዙ ሰው ልጁ ነው ይል ይሆናል፤ የሚያውቀውን እንደማያውቅ ተቈጥሮበታልና። በኛ አስተያየት ግን ይበልጥ የተጐዳችው ልጅቱ ናት። ልጁ ውሎ አድሮ ችሎታውን በእጁ ያስመሰክራል። እርሷ ግን «ታውቃለች» ተብላ ከተመዘገበች የሚያስተምራት አይኖርም፤ አላውቅም ብላ ለመጠየቅም ያገኘችው ጥሩ ውጤት ራሱ ያሳፍራታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እዚህ ላይ ግን በሽታውን የደበቀው ምዘናው እንጂ ታማሚዋ አይደለችም።

ይህ ችግር ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ መፍትሔውም አዲስ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው እንደሚያውቀው፥ ሕፃን ፊደል ሲቈጥር መጀመሪያ ሀ ሁ ሂ እያለ ይወርዳል። ነገር ግን ብዙ ልጅ የገበታውን ዜማ በጆሮው ይይዝና ዓይኑን ጨፍኖ ሳይቀር ያነበንባል። የኔታም ይህን ስለሚያውቁ ሌላ ገበታ ያቀርቡለታል፤ እርሱም አቡጊዳ ነው። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያለ የሚሄደው ይህ ገበታ የፊደሉን ተራ ስለሚለውጠው፥ በቃሉ የሸመደደውና በዓይኑ የለየው ወዲያው ይታወቃሉ። የ33ቱን ፊደላት 7 ድምፅ አባዝተን የምናገኘው 231 ሆሄ ያው ነው፤ የተለወጠው ተራው ብቻ ነው። የሳተውም ልጅ ከመዝገብ አይሰረዝም፤ ወደ ሳተበት ፊደል ይመለሳል እንጂ። አርጩሜውን ትተን ጥበቡን ብንወስድ፥ ለኮምፒውተር ምዘና ከዚህ የሚበልጥ መምሪያ የምናገኝ አይመስለንም።

አንዳንድ ሰዎች «የዛሬ ልጅ ስልክ በእጁ ይዞ ያደገ ስለ ሆነ ምዘናም አያሻውም» ሲሉ እንሰማለን። ይህ አስተሳሰብ በውጭ አገርም ብዙ ደጋፊ ነበረው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2001 ማርክ ፕሬንስኪ የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ የዘመኑን ልጆች የዲጂታል ዓለም ተወላጆች ብሎ ሰይሟቸው ነበር። ይሁን እንጂ በ2018 በብዙ አገሮች የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች በኮምፒውተር ላይ ሲመዘኑ፥ ከፍተኛውን ደረጃ የደረሱት በአማካይ ከ100 2 ብቻ ሆነው ተገኙ። እነዚህ አብዛኞቹ ኮምፒውተር ያልጠፋባቸው አገሮች ናቸው። ስልክ በጣት የሚዳሰስ መሣሪያ ነው፤ ጽሑፍ አዘጋጅቶ፥ ስም ሰጥቶ፥ በቦታው አስቀምጦ፥ በማግሥቱ ፈልጎ ማግኘት ግን ሌላ ትምህርት ነው።

በአንጻሩ ደግሞ ስልክ ያስተማረውን እንደ ምንም መቍጠር አይገባም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፥ ማንበብ ለማይችል አባቱ የመጣውን መልእክት የሚያነብ፥ ገንዘብ የሚልክና የሚቀበል፥ የምስጢር ቍጥር ለሌላ እንዳይነገር የሚጠነቀቅ የገጠር ልጅ ብዙ ነው። ይህ እውቀት ነው፤ አደራም ነው። ነገር ግን ከላይ የጠቀስነው ወረቀት ስለዚህ ነገር አንድም ጥያቄ አልጠየቀም።

ሕፃናት ያለ አስተማሪ ምን ያህል እንደሚራመዱ በአገራችን የታየ ምሳሌ አለ። በ2012፥ አሁንም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ኮምፒውተር በሚል ዓላማ የተቋቋመው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ማንበብ ለማያውቁ ሕፃናት ታብሌት ሰጥቶ ነበር። ልጆቹ መሣሪያውን ራሳቸው ከፈቱ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ እስከ መክፈት ደረሱ። እኛን ይበልጥ የሳበን ግን የአመዛዘኑ መንገድ ነው። ሕፃናቱን ወረቀት ላይ አስቀምጦ የጠየቃቸው የለም፤ በየሳምንቱ የመሣሪያው ማኅደረ ትውስታ እየተወሰደ እጃቸው ምን እንደ ሠራ ይታይ ነበር።

ጕዳዩ ስለ ምን እንዲህ ያሳስባችኋል ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሎቹ ተፈታኞች በወረቀት፥ ለከፊሎቹም በኮምፒውተር ተሰጥቷል፤ በ2017 ዓ.ም.ም እንዲሁ ሆኗል። ፊዚክሱን አጥንቶ የመጣ ልጅ፥ እጁ ማውስ መያዝ ስላልለመደ ብቻ ጊዜ ቢያልቅበት፥ የተመዘነው እውቀቱ ሳይሆን የተወለደበት ቦታ ነው ማለት ነው። ከዘጠነኛ ክፍል መግቢያ እስከዚያ ፈተና ድረስ አራት የትምህርት ዓመታት አሉ። ጕድለቱ በመጀመሪያው ሳምንት ከታወቀ አራቱ ዓመታት ይበቃሉ፤ በመጨረሻው ከታወቀ ግን አንዱም አይጠቅምም።

ስለዚህ ምዘናው በተግባር ይሁን፤ ተራውም ይለዋወጥ እንላለን። አንደኛ፥ ተማሪው ኮምፒውተሩን ከፍቶ ስሙን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይጻፍ። የኢትዮጵያ ፊደል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ከገባ ወዲህ አማርኛ ከኮምፒውተር ውጭ የሚቀርበት ምክንያት የለም። ሁለተኛ፥ የጻፈውን ያስቀምጥ፤ በማግሥቱም ፈልጎ ያውጣው። ሦስተኛ፥ የሚያውቀውን ሒሳብ ይሥራ፤ ለምሳሌ አንዲት ቆሎ ሻጭ በሳምንት የገዛችውንና የሸጠችውን በሰንጠረዥ አስገብቶ ትርፏን ያውጣ። አራተኛ፥ «ሽልማት ደርሶሃል፤ የምስጢር ቍጥርህን ላክ» የሚል መልእክት ቀርቦለት ምን እንደሚያደርግ በቃሉ ይመልስ። መመሪያው ተማሪው በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፤ የምንመዝነው ኮምፒውተሩን እንጂ እንግሊዝኛውን አይደለምና።

ኮምፒውተሩ ጥቂት ነው፥ መብራትም ይጠፋል የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን፤ እውነትም ነው። ነገር ግን 60 ተማሪ ላለበት ክፍል ለመጀመሪያው ጥያቄ ለእያንዳንዱ 5 ደቂቃ ቢሰጥ 300 ደቂቃ፥ ማለትም 5 ሰዓት ነው። አራት ኮምፒውተሮች ከተገኙ ግን በ1 ሰዓት ከሩብ ያልቃል። መብራት በጠፋ ቀን የመልእክቱን ጥያቄ በቃል መጠየቅ ይቻላል፤ የኪቦርዱንም ሥዕል በወረቀት ነድፎ ጣትን ማለማመድ ይቻላል። የሚከብደው ጊዜው ሳይሆን ልማዱን መለወጥ ነው።

ከሁሉም በላይ ውጤቱ ከበር ላይ የሚለጠፍ፥ አንዱን የሚያስመሰግን፥ ሌላውን የሚያሳፍር አይሁን። በመምህሩ መዝገብ ይቀመጥና እገሌ ከዚህ ይጀምር፥ እገሊት ከዚያ ትጀምር የሚል መሪ ይሁን። ያ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ልጅ ለክፍል ጓደኞቹ ረዳት መምህር ይሆናል፤ ማውሱን በአየር ላይ የያዘችውም ልጅ፥ ዐሥሩን ጥያቄ ያስያዛት ብርቱ አእምሮ ስላላት፥ እጇን የሚያለማምድላት ካገኘች የሚቀድማት አይኖርም። መምህራንና ርእሳነ መምህራን ይህን አስበው በሚቀጥለው መስከረም ተማሪዎቻቸውን ሲቀበሉ «ታውቃለህ ወይ?» ከማለት ይልቅ «እስቲ አሳየኝ» ቢሉ፥ ብዙ የተሰወረ ችሎታ ይገለጣል፤ ብዙ የተሰወረ ጕድለትም ጊዜው ሳያልፍ ይታከማል ብለን እናምናለን።