ጐንበስ ባልሁ ጊዜ

በጡረታ ከተሰናበትሁ በኋላ ሐኪም ስለ ጉልበቴ ቢስክሌት መንዳትን ቢመክረኝ መጀመሪያ እንደ ቀልድ ቈጥሬው ነበር። ቢስክሌት በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ፖስታ ለማምጣት ስላክ የለመድሁት ነገር ነው፤ እግር የተማረውን አይረሳምና ብዙ ሳልቸገር ተመለሰልኝ። ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ «ጋሼ፣ ከጎባ ተነሥተን ሰነቴን አይተን እንመለስ» ባለኝ ጊዜ እሺ አልሁት። ሽቅቡን ግን ከልቤ አላሰብሁትም ነበር።

ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የሰነቴ ሜዳ ግን 4,000 ሜትር ግድም ነው። የመግቢያውን ገንዘብ በዋዜማው የፓርኩ መሥሪያ ቤት ባለበት በዲንሾ ከፍለን ስለ ነበር ጧት በ12 ሰዓት ጕዞ ጀመርን። መንገዱ ጠጠር ነበር። መጀመሪያ ጥዱና ኮሶው፣ ከዚያም አምጃውና አስታው መንገደኛውን ያጅቡታል፤ ዛፉ እያጠረ እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ ከጅባራ በቀር ቀና ብሎ የሚቆም ነገር አይገኝም። አየሩም እንደ ዛፉ ይሳሳል። በዚያ ከፍታ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው ከመቶው 60 እጅ ያህል ነው። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ዓመት ጽፌአለሁ፤ ሳምባዬ ግን የሰማው ያን ቀን ነው። ከመንገዱ እኩሌታ በሚበልጠው ቢስክሌቱ እኔን ሳይሆን እኔ ቢስክሌቱን ወሰድሁት።

ከሜዳው ጫፍ ደርሰን ገና እንደ ተፈናጠጥሁ አንድ ውሻ ከከብቶች መካከል እየጮኸ መጣብኝ። ደንግጬ ወረድሁና ጐንበስ አልሁ። በአገራችን ውሻ ሁሉ ጐንበስ ያለ ሰው ምን እንደሚያነሣ ያውቃል፤ ይህም ቆመ፤ ጆሮውን ጥሎ ዞረ፤ ሄደም። ድንጋዩ ግን በእጄ ነበርና ወረወርሁት። የኋላ እግሩን አገኘው።

እረኛው ዐሥር ዓመት ቢሞላው ነው። እያነከሰ የመጣለትን ውሻ አቅፎ ዝም ብሎ ተመለከተኝ። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

እኔስ ምን አደረግሁ? ማስተማር ጀመርሁ። ባሌ ሳስተምር በለመድሁት ኦሮምኛ፣ ቀይ ቀበሮ በዓለም ሁሉ 500 ያህል ብቻ እንደ ቀረ፣ ከዚያም እኩሌታ የሚበልጠው በእነዚህ ተራሮች እንደሚኖር፣ በ1996 ዓ.ም. በወብ ሸለቆ ከውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን እንደ ፈጀ፣ ስለዚህም ውሻ ወደዚህ ሜዳ ሊወጣ እንደማይገባው አስረዳሁት። አንባቢዬ ሆይ፣ ከተናገርሁት አንድም ቃል ሐሰት የለበትም። ነገር ግን ድንጋዩን ስወረውር ስለ ቀበሮ ፈጽሞ አላሰብሁም ነበር።

ልጁ እስክጨርስ ጠበቀና «ተከትቧል» አለኝ። ሰዎች ወደ መንደራቸው መጥተው ውሾቹን እንደ ወጉ፣ እርሱ ራሱም የውሻውን አፍ ይዞ እንደ ቆመ፣ ያለ ውሻም ጅብ ጥጃ እንደማያስተርፍላቸው ነገረኝ። ያን ጊዜ ተማሪዬ ቀስ ብሎ «ጋሼ፣ እኮ ሄዶ ነበር» አለ።

ይህ ቃል ወደ ሌላ ቀን ወሰደኝ። በወጣትነቴ ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ የጓደኛውን እርሳስ ሰርቆ ተያዘ። እርሳሱን መለሰ፤ በሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቀ፤ ወደ መቀመጫውም መመለስ ጀመረ። ጠርቼ ገረፍሁት፤ አርጩሜው በእጄ ነበርና። አባቱ በማግሥቱ ሲመጣ ስለ ሥነ ምግባር ረዥም ነገር ነገርሁት፤ እርሱም አመስግኖኝ ሄደ። ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም።

ልጁን ይቅር በለኝ አልሁት። ቃሉ አጭር ሳለ ከሽቅቡ ይልቅ አደከመኝ። እርሱም ብዙ ሳያስብ የቢስክሌቱን ደወል ይደውል ዘንድ ለመነኝ፤ ሦስት ጊዜ ደወለና ሣቀ። የያዝነውን ዳቦ ብንሰጠው ለሁለት ቈርሶ አንዱን ለውሻው ጣለለት።

ወደ ውስጥ እንደ ዘለቅን ቀይ ቀበሮ አየን። በፍልፈል ጕድጓድ አጠገብ አድብቶ፣ ነፋሱ ጠጕሩን እያጐነበሰው፣ ከአጠገቡ እንዳለ ድንጋይ ጸጥ ብሎ ነበር። ተማሪዬ በደስታ ትንፋሹን ያዘ። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው ስለዚህ እንስሳና ስለ መሰሎቹ ጭምር ነው፤ ለማየትም ያን ያህል መንገድ ደክሜአለሁ። ሆኖም ዐይኔ ከቀበሮው እየሸሸ ወደ መጣንበት ይመለስ ነበር።

ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት ቁልቁል ስንመለስ እረኛው ከመንገዱ ዳር ቆሞ ከሩቅ እጁን አወዛወዘልን። እኔም ደስ እንዲለው ደወሉን ደወልሁ። ውሻው ድምፁን ሲሰማ ተነሥቶ፣ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል አድርጎ፣ ከልጁ ኋላ ተሸሸገ።