በ21 ቀን የሚቆጠር ቤት

ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ነጋዴ ለገበያ፣ ተማሪ ለትምህርት፣ ምእመን ለንግሥ ይሄድበታል፤ ለእነዚህ ሁሉ አንድ መንገድ ነው። ለታማሚ ግን መሄጃው ሌላ፣ መመለሻውም ሌላ ነው። ባለቤቴ በ2017 ዓ.ም. ክረምት የጡት ካንሰር እንዳለባት ታውቆ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣላት ወዲህ በዚህ መንገድ ለመድኃኒት ስድስት ጊዜ ተመላልሰናል፤ ሁለት ይቀረናል።

ደብረ ብርሃን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የቆረቆሯት፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ብርዳም ከተማ ናት። ከእርሷ ተነሥቶ ጫጫን፣ ሸኖን፣ አለልቱንና ሰንዳፋን አልፎ በለገጣፎ ወደ ኮተቤ የሚገባው መንገድ በኅዳር ወር እጅግ ያምራል፤ ገብሱ ታጭዶ ተከምሮ፣ የሌሊቱ ውርጭ በፀሐይ እየቀለጠ ሜዳው ያበራል። ስንሄድ ባለቤቴ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ የማን ክምር እንደሚበልጥ ትፈርዳለች። ስንመለስ ግን ራሷን በነጠላ ሸፍና፣ ፌስታል በጉልበቷ ላይ ይዛ፣ ዓይኗን ትጨፍናለች። መኪናው ሸኖ ላይ ሲቆም፣ አገር የሚያመሰግነው ቅቤ በመስኮቱ ሲቀርብ፣ ሽታውን አትችለውምና መስኮቱን ዝጉልን ብዬ እለምናለሁ።

መድረሻችን ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ታች ወረድ ብሎ የሚገኘው፣ ቀድሞ በልዑል መኮንን ስም ይጠራ የነበረው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። እሑድ ተነሥተን ኮተቤ ከእኅቷ ቤት እናድራለን፤ መንገድ ቢዘጋ ወይም መኪና ቢጠፋ አንድ ቀን መጠባበቂያ እንዲኖረን ነው። የደም ምርመራውን ግን እዚሁ በከተማችን አስቀድመን አስመርምረን ውጤቱን ይዘን እንሄዳለን፤ ይህ ብቻ አንድ አዳር አትርፎልናል። በአዲስ አበባ ዘመድ የሌለው ሰው፣ በ1996 ዓ.ም. የተቋቋመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከሩቅ ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ እንደሚሰጥ ይወቅ።

በመጀመሪያ ዘመዶች ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ እስክትጨርስ ድረስ አዲስ አበባ ትቀመጥ የሚል አሳብ ነበረን። እርሷ ግን «መድኃኒቱን እዚያ እወስዳለሁ፤ መታመሙን ግን በቤቴ ልታመም» አለችን። በዚህ ቃል ነገሩ ተቈረጠ። ቤቱም ለዚህ እንዲበጅ መሰናዳት ነበረበት።

ሐኪሙ ያዘዘው በየ21 ቀኑ አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው ስምንት ጊዜ ነው። በልጅነቴ ባሕረ ሐሳብ ተምሬአለሁና አበቅቴና መጥቅዕ እንደማወጣ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ወሩ 30 ቀን ስለሆነ የቀጠሮው ቀን በየጊዜው 9 እየጎደለ ይሄዳል፤ ጥቅምት 3፣ ጥቅምት 24፣ ኅዳር 15፣ ታኅሣሥ 6፣ ታኅሣሥ 27፣ ጥር 18፣ የካቲት 9፣ የካቲት 30። ይህን በትልቅ ወረቀት ጽፌ ከማድቤት በር አጠገብ ለጠፍሁት። በዓላቱንም ከጎኑ ጻፍሁ፤ የትኛው በዓል በየትኛው ሳምንት እንደሚውል አስቀድሞ ማወቅ ለቤት እመቤት ትልቅ ነገር ነውና።

ሦስቱ ሳምንታት አይመሳሰሉም። የመጀመሪያው የማቅለሽለሽና የድካም ነው። በመጀመሪያዎቹ አራት ጊዜያት ከተሰጧት መድኃኒቶች አንዱ ቀይ ነው፤ ሽንትንም ያቀላልና ደም መስሎአችሁ አትደንግጡ። በእነዚያ ሁለት ቀናት መድኃኒቱ በሽንትና በትውከት ስለሚወጣ ልብሷን በጓንት የማጥበው እኔ ነኝ። ሽሮ መሥራትም ተምሬአለሁ፤ ልጆቼ ወጡን በሰልፍ ላይ እንደሚቆም ተማሪ ቀጥ ያለ ነው ይሉታል። እንጀራ ግን እንገዛለን። ትልቋ ልጃችን ልጋግር ብላ ነበር፤ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናትና እምቢ አልሁ። የእናት ሕመም የልጅን ትምህርት እንዲበላ መፍቀድ አይገባም።

ሁለተኛው ሳምንት ሰውነት በሽታን የሚከላከልበት ነጭ የደም ሕዋስ የሚያንስበት ጊዜ ነው። በዚህ ሳምንት ያልፈላ ወተትና ጥሬ ሥጋ አይገባም፤ ጠያቂም ከበረንዳው አያልፍም። በእኛ አገር በሽተኛ ጠይቆ ጉንጭ ሳይስሙ መመለስ ነውር ይመስላል፤ ስለዚህ በረንዳው ላይ አግዳሚ አኑረን እርሷ በመስኮት ትነጋገራለች። ያኮረፉ ነበሩ፤ ሲነገራቸው ተመለሱ። ኅዳር 24 ሌሊት ሙቀቷ 38.4 ሆነ። 38 ካለፈ ጧትን መጠበቅ የለም ተብለናልና አስቀድመን የተነጋገርነውን ባለ ባጃጅ ጎረቤት ቀስቅሰን ወደ ከተማችን ሆስፒታል ወሰድናት፤ ሦስት ቀን ተኝታ ወጣች። ልጆቹ ያን ሌሊት የት እንደሚያድሩ በወረቀቱ ላይ ተጽፎ ስለነበር አልተሯሯጥንም።

ሦስተኛው ሳምንት የእርሷ ነው። የኅዳር ሚካኤል የማኅበሯ ተራ በዚህ ሳምንት ስለዋለ ጽዋውን በቤቷ አወጣች፤ ፀጉሯ ረግፎ ሻሽ አስራ፣ እንደ ድሮዋ ስታዝ ዋለች። ገና ግን ከአምስተኛው መድኃኒት በሦስተኛው ቀን ስለዋለ አጥንቷን እየቈረጠማት፣ ጣቶቿ ደንዝዘው፣ ዶሮውን እኅቷ ሠራችው።

የጾሙ ነገር ከሁሉ ከብዶአት ነበር። ሦስተኛው ቀጠሮ በጾመ ነቢያት መግቢያ ዋለ፤ ሰባተኛውም በዐቢይ ጾም መግቢያ ሰኞ ይውላል። ፍትሐ ነገሥት ለድውይ እንደሚፈቅድ ባስረዳትም ከባል አፍ የወጣ ስለሆነ አላረካትም። የንስሐ አባታችን መጥተው እንቁላልና የፈላ ወተት እንድትወስድ አዘዟት፤ ታዘዘች፤ ነገር ግን ልጆቹ ሳያዩ ትበላለች። መድኃኒቱን ትተሽ ጠበል ግቢ ያሏትም አልጠፉም። ሐኪምን የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን መጽሐፈ ሲራክ ያስተምራል። ጠበሉን በሦስተኛው ሳምንት ትጠመቃለች፤ ቀጠሮዋንም አላስተጓጐለችም።

ከስምንተኛው በኋላ የጨረር ሕክምና ይቀራል። ይህ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለተከታታይ ሳምንታት በየዕለቱ የሚሰጥ ስለሆነ በ21 ቀን ስሌት አይገባም። በቅርብ ዓመታት በጅማና በሐረርም ተጀምሮአል፤ ለእኛ የሚቀርበን ግን አዲስ አበባ ነው። በየዕለቱ ከደብረ ብርሃን መመላለስ አይቻልምና እርሷ ያልወደደችው የአዲስ አበባ መቀመጥ ሊመጣ ነው። እኔ ደግሞ ለፈተና የማዘጋጃቸው የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አሉኝ። እናቷ ከመንዝ መጥተው ከልጆቹ ጋር ይቀመጡ እንደሆነ ልከንባቸዋል። ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ነው፤ ባለቤቴ ያችን ሌሊት በቤቷ ልሁን ትላለች። ይቻል እንደሆነ የካቲት 9 ሐኪሙን እንጠይቃለን፤ በወረቀቱም ላይ ከሚያዝያ 4 አጠገብ ያለውን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ።